ጣሪያው ሲያፏጭ ሬዲዮ አይክፈቱ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ፀጉር አያያዝም አይደለም። ስለ መኪና ጣሪያ ነው። ጣሪያው ላይ ስላለችው መስኮት፣ «ሰንሩፍ» ስለምንላት። «ምነው፣ ዓምዱን ለጋራዥ አከራየኸው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ ታገሡኝ! ነገሩ ወደ ትዳርም ያዘነብላል።

የጻፉልኝ አንዲት እመቤት ናቸው። ተወልደው ያደጉት ደጃች ውቤ ሠፈር ነው፤ ያ ሁላችንም ውቤ በረሃ የምንለው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሣና ዙሪያዋ ሲፈርስ እሳቸውም ከነቤተሰባቸው ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት አልቀየሩም። ስለዚህ በየጧቱ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በአንዲት አሮጌ መኪና ወደ ፒያሣ ይመጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። መኪናዋ ደግሞ ባለ ሰንሩፍ ናት። ደብዳቤያቸውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«… ከመንፈቅ ወዲህ ይቺ የጣሪያ መስታወት ጠባይዋ ተለውጧል። ፍጥነት ስንጨምር ታፏጫለች። ኮብልስቶን ላይ ስንወጣ ‹ቀጭ፣ ቀጭ› ትላለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ውሃ አፍስሳ የትንሹን ልጄን ዩኒፎርም አበሰበሰችው። ለባለቤቴ ስነግረው ‹ባክሽ ምንም አይደል› ይልና ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል። አሁን ለበዓል ሐዋሳ ወላጆቹ ዘንድ እንውረድ እያለ ነው። በፍጥነት መንገዱ! ትንሹ ልጄ የሚቀመጠው ከመስታወቷ ትንሽ ከኋላ ነው፤ ከተሰበረች የምትዘንበው እሱ ላይ ነው። አልሄድም ብል ‹ወላጆቼን ጠላሽ› ሊለኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ጋራዣቸው ከደጃች ውቤ ዝቅ ብላ በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ነበረች። ዛሬ እሷም የለችም። እሳቸው ግን ማኪያቷቸውን ለመጠጣት አሁንም ከጊዮርጊስ አካባቢ አይርቁም። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ሬዲዮው ላይ ስደርስ ከት ብለው ሳቁና «ይኸውልህ ልጄ፣ ስንቱን ሞተር በሬዲዮ የተነሣ ቀብሬያለሁ!» አሉኝ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ሴትየዋ እውነታቸውን ነው። የጣሪያ መስታወት እንደ መብረቅ ዱብ አይልም። አስቀድሞ ይነግርሃል። እያፏጨ ይነግርሃል፣ እያንቀጫቀጨ ይነግርሃል፣ ውሃ እያፈሰሰ ይነግርሃል። እሳቸው ሦስቱንም ሰምተዋል።»

እንግዲህ ጋሼ እያስረዱኝ የገባኝን ላካፍላችሁ። ያቺ መስታወት ጣሪያው ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳትመስላችሁ። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ መስታወቷ በጠንካራ ማጣበቂያ ከአንድ የብረት ፍሬም ጋር ትያያዛለች። ፍሬሙ በግራና በቀኝ በጥቂት ትንንሽ ብሎኖች ከሁለት ክንዶች ጋር ይታሠራል። ክንዶቹ በፕላስቲክ ተንሸራታቾች ላይ ሆነው በሁለት የአልሙኒየም ሐዲዶች ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። የሚገፋቸውና የሚጎትታቸው የብረት ገመድ ነው። ገመዱን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ናት፤ በድሮዎቹ ላይ ደግሞ በእጅ የሚዞር እጀታ። ማጣበቂያ፣ ብሎን፣ ፕላስቲክ፣ ሐዲድ፣ ገመድ… ከእነዚህ አንዱ ሲደክም ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ከዚያ እነሱም ይደክማሉ።

ታዲያ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ለውቤ በረሃ አዲስ ነገር አይደለም። ሠፈሩ በምሽት ጨዋታው በገነነበት ዘመን ከተማዋን ያጥለቀለቋት ፊያትና ቮልስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ፊያት 500 ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚጠቀለል ሸራ ነበር። ሰንሩፍ ያላት ቮልስም መጀመሪያ ባለ ሸራ ነበረች፤ ከ1964 ሞዴል ጀምሮ ነው በእጀታ እየዞረ የሚንሸራተት የብረት ክዳን የመጣላት። ሸራ ቢላላ ቢበዛ ብርድ ያስገባል፤ ሌሊት ከውቤ በረሃ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ትንሽ ብርድ አይጠላም ነበር ይላሉ ጋሼ። የዛሬው ግን በኪሎ የሚመዘን መስታወት ነው። ከተነቀለ ከኋላ የሚመጣው ሞተር ብስክሌት ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነው። ሐዲዱ ውስጥ ከፋብሪካ የተቀባ ግራሶ አለ። ግራሶ አቧራ ይይዛል። በተለይ ፒያሣ ላይ ሲፈርስና ሲገነባ በከረመው አቧራ የኖረች መኪና ሐዲዷ ውስጥ ጣታችሁን ብትከቱ ጥቁር ጭቃ ታወጣላችሁ። ይኼ ጭቃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ መስታወቷ በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር ፕላስቲኮቹን ይሞርዳቸዋል። ፕላስቲኩ ሲሞረድ ክንዱ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኼ ነው። ላይ ታች እያሉ ኮብልስቶን ላይ መዋል ሲጨመርበት ብሎኖቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ ይላላሉ።

ሁለተኛው ፀሐያችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፒያሣ ደግሞ ከፍ ካሉት ሠፈሮች ናት። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። መስታወት፣ ብረትና ጎማ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፣ ሲቀዘቅዙም እኩል አይሰበሰቡም። ዳር ዳሩን የዞረው ጎማ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም ከጣሪያው ቀለም ጋር ይጣበቃል። ሰንሩፉን ለረጅም ጊዜ ሳይከፍቱ ቆይተው አንድ ቀን ቁልፉን ሲጫኑት ሞተሯ ታቃስታለች፤ ጎማው አልለቅም ይላል፤ አንደኛው ጎን ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል። መስታወቷ ጠመመች ማለት ነው። ይኼን ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? በእጁ ይገፋታል! የጋሼ ፊት የሚቀላው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የሰንሩፍ ጎማ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አይደለም የተሠራው። ጥቂት ውሃ ማለፉ አይቀርም። ያለፈው ውሃ ከመስታወቷ ሥር ባለ አሸንዳ ይጠራቀምና በማዕዘኖቹ ላይ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በመኪናው ምሰሶዎች ውስጥ ወርዶ ከሥር ይፈስሳል። ቱቦዎቹ በቅጠል፣ በአቧራና በጭቃ ሲደፈኑ ነው ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ የሚገለበጠው። የእመቤቲቱ ልጅ ዩኒፎርም የራሰው በዚህ መሆኑ አያጠራጥርም ብለዋል ጋሼ። ግን ዩኒፎርም ይደርቃል። የማይደርቀው ዝገቱ ነው። ውሃው ፍሬሙ ዙሪያ ሲተኛ ብሎን የሚይዘውን ብረት ይበላዋል። የተበላ ብረት ላይ ብሎን ቢያጠብቁት አይጠብቅም፤ ዝም ብሎ ይዞራል።

እነዚህ ሦስቱ የተፈጥሮ ናቸው። አራተኛውን ግን በገዛ እጃችን ያመጣነው ነው። ሠርግ!

ጥር ሲገባ አይታችኋል። አጀቡ ከጊዮርጊስ ይነሣና ጡሩምባውን እያስጮኸ ፒያሣን ይዞራል። ፊት ፊት የምትሄደው መኪና ላይ ቪዲዮ ቀራጩ በሰንሩፉ እስከ ወገቡ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሙሽሮቹን ይቀርጻል። ጥሩ። ሲደክመውስ የት ይደገፋል? ወደ ኋላ በተንሸራተተችው መስታወት ጠርዝ ላይ ነዋ! አንዳንዱማ ወጥቶ ይቀመጥባታል። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ኋላ ይገፋታል። እነዚያ ክንዶችና ፕላስቲኮች የተሠሩት የመስታወቷን ክብደትና የነፋሱን ጉልበት እንዲችሉ ብቻ ነው። ሰው እንዲሸከሙ የነደፋቸው መሐንዲስ የለም። ክንዱ ትንሽ ይጎብጣል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። መኪናዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዘመድ ውሰት ናት። ታጥባ፣ ሪባኗ ተነሥቶ፣ «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ ትመለሳለች። ባለቤቱ ከወር በኋላ «ምነው ይቺ መኪና ማፏጨት ጀመረች?» ይላል።

ልጆችን በሰንሩፍ ማቆምም እንዲሁ ነው። «ደስ ይበላቸው» እያልን እናወጣቸዋለን። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የልጁ ደረት የሚያርፈው በጣሪያው የብረት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ ወላጅ ራሱ ያስበው። ቪዲዮ ቀራጩ ግን ወርዶ፣ በሁለት እግሩ መሬት ረግጦ፣ አጀቡን ሲመጣና ሲያልፍ ይቅረጽ። ፊልሙም አይንቀጠቀጥበትም።

አምስተኛው ማጣበቂያው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የባለቤቱ ላይሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ) መርሰዲስ ቤንዝ በአሜሪካ ብቻ ከ740 ሺህ በላይ መኪኖቹን መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ የሰንሩፉ መስታወት ከፍሬሙ ጋር የተያያዘበት ማጣበቂያ እየደከመ መስታወቱ በጉዞ ላይ ሊነቀል ይችላል የሚል ነበር። መኪኖቹ ከ2001 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ የሲ ክላስ፣ የኢ ክላስ፣ የሲኤልኬና የሲኤልኤስ ዓይነቶች ናቸው። የእነዚህ ዘመን መርሰዲሶች በከተማችን ዛሬም ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ፎርድ ሙስታንግ ማክ-ኢ የተባለችውን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናውን በጣሪያ መስታወቷ ማጣበቂያ የተነሣ ጠርቷታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተማችንን እየሞሏት ነው፤ ብዙዎቹም ሰፊ የመስታወት ጣሪያ አላቸው። አንዳንዱ ጣሪያ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም። የማይከፈተው ሐዲድ ስለሌለው ብዙ ጣጣ የለበትም፤ ማጣበቂያው ግን ያው ማጣበቂያ ነው። «አዲስ ናት» ብላችሁ አትዘናጉ። የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አስመጪውን ወይም የፋብሪካውን ወኪል «ይቺ መኪና ጥሪ አለባት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያስከፍልም።

በዚሁ ላይ የጠጋኞቻችን ነገር አለ። መስታወቷ ከፍሬሙ ለቀቅ ስትል «አምጣት፣ በሲልከን ላጥ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚል ሞልቷል። የቤት መስኮት ሲልከን! እሱ የተሠራው ነፋስ እንዳይገባ ለማሸግ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መስታወት እንዲይዝ አይደለም። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት እንዲያውም ብረት ያዝጋል። ትክክለኛው የመኪና የፊት መስታወት የሚጣበቅበት ማስቲሽ ነው። አሮጌው ተፍቆ መነሣት አለበት፣ ቦታው መጽዳት አለበት፣ ከሥሩ የሚቀባው ፈሳሽ መቀባት አለበት። ከዚያም ጊዜ ይፈልጋል። በኛ ከተማ ብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ስለዚህ መኪናዋ ሌሊቱን ትደር። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዘሃት ሂድ» የሚላችሁን ጠጋኝ አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

እሺ፣ ይኼ ሁሉ ሲላላ ለምን ፒያሣ ውስጥ አይነቀልም? እመቤቲቱ ፍጥነት መንገዱን መፍራታቸው ከአስተዋይነት ነው። መኪና ሲሮጥ በጣሪያው ላይ የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ከውስጥ ያለው አየር መስታወቷን ወደ ላይ ይገፋታል ማለት ነው። ይኼ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፒያሣ ላይ በ30 የምትሄድ መኪና የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ወጥታ በ120 ስትበር ጣሪያዋን የሚጎትተው ነፋስ 16 እጥፍ ነው። አሥራ ስድስት! በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ሲኖትራክ በጎን ሲያልፍ የሚለቀው ነፋስ አለ። መስታወቷ ከኋላ ቀና ብላ ተከፍታ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከሥሯ ይገባል። ስለዚህ ሰንሩፍ ደኅናም ቢሆን ፍጥነት መንገድ ላይ ዝግ ይሁን። ላልቶ ከሆነ ግን መኪናዋ ጭራሹን እዚያ መንገድ ላይ አትውጣ።

እትዬ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። መካኒክ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ቅዳሜ ጧት ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። መስታወቷ ተዘግታ እንዳለች ከውስጥ በመዳፍዎ አራቱንም ማዕዘን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ገፋ ያድርጓቸው። ጤነኛ ሰንሩፍ አይነቃነቅም። አንዱ ጥግ ከተነሣ ወይም ድምፅ ካሰማ ብሎኑ ወይም ተንሸራታቹ አልቋል። ከዚያ ከውጭ በዓይንዎ ከጣሪያው ጋር ያስተካክሉት። የፊተኛው ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም በጣም በጥቂቱ ዝቅ፣ የኋለኛው እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ቢል ደግ ነው። የፊተኛው ከፍ ብሎ ከታየ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ነፋሱ የሚይዘውም እሱን ነው። ደግሞ አንድ ቁራጭ ወረቀት ጎማው ላይ አድርገው መስታወቷን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። ከበድ ብሎ መምጣት አለበት። ዙሪያውን እንዲህ ይሞክሩ፤ ወረቀቱ ሰተት ብሎ የሚወጣበት ቦታ ጎማው የሞተበት ቦታ ነው።

ለውሃው ደግሞ መስታወቷን ከፍተው በአሸንዳው ጥግ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ልጆቹ መኪናው ሥር አጎንብሰው «ወጣ!» እያሉ ይንገሩዎት፤ ይወዱታል። ካልወጣ ተደፍኗል። ሽቦ አይክተቱበት፣ ቱቦውን ይበሳዋል። ጎሚስታ ቤት ወስደው በአየርም አያስነፉት፤ ጉልበቱ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ያላቅቀውና ከዚያ በኋላ ውሃው ምሰሶው ውስጥ ይፈስሳል፣ ፈልጋችሁም አታገኙትም። ለስለስ ያለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ዓይነት የናይሎን ክር ቀስ አድርጎ መስደድ ይበቃል።

ለጎማው እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ለጎማ የሚሆን የሲልከን ቅባት። ቅድም ያማሁት ሲልከን ማጣበቂያው ነው፤ ይኼ ቅባት ሌላ ነው፣ አታደባልቁብኝ። ቫዝሊን፣ ናፍጣ፣ የተቃጠለ ዘይት… ኧረ ተዉ! ዘይት ጎማን ያሳብጣል፣ ያልፈሰፍሳል። ሐዲዱን ጠርገው አሮጌውን ግራሶ አውጥተው በስሱ አዲስ ይቀቡ። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ አንዴ ከክረምት በፊት በግንቦት፣ አንዴ መስከረም ሲጠባ። ላቫጆ ቤት ደግሞ የውሃውን ጉልበት ቀጥታ ጠርዙ ላይ እንዳይደግኑት ለልጆቹ ይንገሯቸው።

እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ ግን ነገሩ ከማጽዳት አልፏል። ጋሼም «የምታፏጭም፣ የምትንቀጫቀጭም፣ የምታፈስም ከሆነች መፈታት አለባት» ነው ያሉት። ብሎኖቹ ይፈተሹ፤ በልኩ ይጥበቁ፤ እንዳይፈቱ የሚያደርገው ማጣበቂያ ይደረግባቸው። ከልክ በላይ ማጥበቅም መስታወቱን ይሰነጥቃል። ያለቀው ፕላስቲክ ይቀየር። ዕቃው አዲሱ ካልተገኘ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ሙሉው ይገኛል፤ ሲገዙ ግን ክንዶቹ ያልጎበጡ መሆናቸውን ይዩ፤ የሠርግ መኪና እንዳይሆን! እስከዚያ ድረስ መስታወቷን ዘግተው ፊውዟን ያስነቅሉ፤ ልጆች በስሕተት ቁልፉን እንዳይነኩ። ከውጭ በሰፊ ናስትሮ ከጣሪያው ጋር አቋርጠው ቢያያይዟት ለከተማ ውስጥ ዝግታ ጉዞ ጊዜያዊ መላ ነው። ለሐዋሳ መንገድ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። እየነዳችሁ ብትነሣ፣ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊይዛት አይሞክር። ፍሬን በድንገት ሳይያዝ ፍጥነት ቀስ ብሎ ይቀነስ፤ ሁለቱም ፍሬቻ ይብራ፤ ጥግ ተይዞ ይቁም። ፍጥነት መንገድ ላይ የወደቀ መስታወት ለመልቀም መውረድ ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ክርክር አያዋጣም። ባልና ሚስት በመኪና ድምፅ ሲከራከሩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሬዲዮው ነው። ነገ ጧት እርስዎ ይንዱ። እሳቸው ከኋላ፣ የትንሹ ልጅ ቦታ ላይ ይቀመጡ። ሬዲዮው ይዘጋ። ቀለበት መንገዱ ላይ ትንሽ ፍጥነት ሰጥተው፣ ወደ ፒያሣ ሲቃረቡ በኮብልስቶኑ በኩል ይግቡ። ምንም አይናገሩ። ቀና ብለው መስታወቷን የሚያዩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አማትዎን ደግሞ ዛሬውኑ ደውለው «እማዬ፣ መኪናዋ ታማብን ነው እንጂ እንመጣለን» ይበሏቸው፤ «ጠላሽ» የሚለው ነገር ቦታ አያገኝም። በዓሉ ከጥገናው ከቀደመ ሐዋሳ አውቶቡስ አለ። አራት ቲኬት ነው።

ቦታ ስለተረፈኝ ከአራት ኪሎ የጻፈልኝን ወጣት በአጭሩ ላስተናግድ። ቪትዝ አለው። ጣሪያዋን አስቀድዶ ሰንሩፍ ማስገጠም ፈልጎ «ጋሼ፣ ያምርብኛል ወይ?» ይላል። ሊያምርብህ ይችላል። ነገር ግን ጣሪያው ውስጥ በወርድ የተጋደሙ ብረቶች አሉ፤ መኪና ስትገለበጥ ጭንቅላትህን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። ቀዳጁ ደግሞ አሸንዳና ቱቦ በቅጡ አይሠራልህም፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ ወንበርህ ይዋኛል። የዓመቱ ምርመራም አለ፤ የተቀደደ ጣሪያ ይዘህ ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ መርማሪው ምን እንደሚልህ አስብ። በዚያ ላይ በደብዳቤህ መጨረሻ «የፊት ጎማዎቼ ጥርሳቸው ትንሽ አልቋል» ብለሃል። ወንድሜ፣ ገንዘቡ እዚያ ይግባ።